መሪውን የያዝኩበት መኸር

ስንዴ ሲታጨድ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ? ፀሐይ ያደረቀው ገለባ ከናፍታ ጭስ ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ሽታ አለ። ዘንድሮም የመጀመሪያውን ማሳ ስጀምር አፍንጫዬን ሞላውና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ።

የሁሩታ ገበሬ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አጎቴ ለአንድ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ልጅ ሊድሩኝ ተነጋግረው መጡ። የእኔ ልብ ግን በየመኸሩ ከአዳማ በሚመጣው ኮምባይነር ላይ ነበር። ሹፌሩ ሽበት የጀመራቸው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አጠገባቸው እየተቀመጥኩ፣ በኋላም መሪውን እየለቀቁልኝ፣ ማጨጃውን ዝቅና ከፍ ማድረግን፣ ሞተሩ ሲከብደው በድምፁ መለየትን ተማርኩ።

ነጋዴው የላካቸው ሽማግሌዎች የመጡት እኔ ማሳ ውስጥ ሳለሁ ነው። እናቴ እየሮጠች መጥታ፣ «ፊትሽን ታጠቢና ቀሚስሽን ለብሰሽ ግቢ» አለችኝ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ልብሴን አልቀየርኩም። አቧራ በጠጣው ቱታዬ ፊታቸው ቆምኩና፣ «አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አላገባም፤ የኮምባይነር ሹፌር ነው የምሆነው» አልኳቸው።

አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ማሽን ላይ ወጥታ ስትዞር ዝም ይላሉ?» አሉ።

አባቴ ግን፣ «የምትዳረው እሷ ናት፤ መልሷን ሰምታችኋል» አሉ።

በሚቀጥለው መኸር መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ የአዳማው ሹፌር የማሽኑን ባለቤት አሳምነውልኝ፣ ብቻዬን እየነዳሁ ሁሩታ ገባሁ። ማሳውን የሚሰጠኝ ግን ጠፋ። «ሴት ካጨደችው ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል» ተባለ። አባቴ የእኛን ሰጡኝ። የሰፈሩ ሰው ዳር ቆሞ ሲያይ፣ እሳቸው ከኋላዬ እየተከተሉ ገለባውን በከዘራቸው እየገለጡ የወደቀ እህል ይፈልጉ ነበር። ሞተሩን ሳጠፋ አባቴ ወደ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ሄደው ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉ። አዛውንቱ አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ «በይ ልጄ፣ ነገ ወደ እኔ ነይ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እስከ አርሲ ነገሌ ድረስ ያላጨድኩበት ቀበሌ የለም። ዛሬ ማሽኑ የራሴ ነው፤ ሌሎች ሴቶችንም አስተምሬበታለሁ።

አባቴን ግን አንድም ቀን አጠገቤ ማስቀመጥ አልቻልኩም። «አባባ፣ ይውጡና አብረን እንዙር» ስላቸው፣ «ተይኝ፤ ከዚህ ከማሳው ዳር ሆኜ ነው ደህና አድርጌ የማይሽ» ይሉኝ ነበር።

ዘንድሮ እሳቸው የሉም፤ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። እዚያ ስደርስ እንደወትሮው ፍጥነቴን ቀነስ አደረግኩ፤ እንዲያዩኝ።