ሯጯን ልጄን ኮሶ ያጠጣሁ ዕለት

«እማ፣ ጭጋጉ ቤት ገባ እንዴ?» አለችኝ ልጄ።

ዞሬ ደጁን አየሁ። የፍኖተ ሰላም ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ቦግ ብላለች፤ ጭጋግ የሚባል የለም። እጄን ፊቷ ላይ ባወዛውዝ ዓይኗ አልተከተለኝም። «ምን አደረግኋት!» አልኩ። ጠዋት ኮሶ ያጠጣኋት እኔው ነኝና።

ልጄ ሯጭ ናት። ጎሕ ሲቀድ በማንኩሳ መንገድ ወጥታ ትሮጥና ስትመለስ ላህ ወንዝ እስከ ወገቧ ትነከራለች፤ ቀዝቃዛ ውኃ እግር ያፍታታል ብሏቸው አሠልጣኛቸው። አንድ ቀን ልብስ ይዤላት ወረድኩ። ከወንዙ ነጭ እንፋሎት ይነሣል፤ ከዚያ ውስጥ ቀስ ብላ ስትወጣ የምድር ሰው አልመሰለችኝም። የጀርባዋ አጥንት እንደ መቁጠሪያ ይቆጠራል።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልሽ አለኝ። እሷ ግን የእኔን እጥፍ ትበላለች፤ ሽሮውን ጠርጋ «ሌላ የለም?» ትላለች። ይህ ሁሉ የት ይገባል? ጎረቤታችንን አሮጊቷን አማከርኳቸው።

«ሞኝ ነሽ እቴ! እሷ መች በላችው? ትሉ ነው የሚበላው። ኮሶ አጠጫት» አሉኝ።

«እርስዎ ካሉማ» ብዬ የደረቀውን አበባ ወቅጬ በጠበጥኩት።

«እማ፣ እኔ ትል የለብኝም። ስለምሮጥ ነው» አለች።

«ጥንቸልም ትሮጣለች፤ እንዳንቺ የከሳች ግን አላየሁም።»

ሣቀች። እናቴን ደስ ይበላት ብላ ጨለጠችው። ዋንጫው ትልቅ፣ ሆዷ ባዶ። እኔም በልክ አልሰፈርኩት።

ስታስመልስ ቆይታ ነው ጭጋጉን የጠየቀችኝ። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ዛፉም፣ ሰዉም፣ የገበያው አህያም ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ ይንሳፈፋል። የምንሄድ እኛ እንሁን እነሱ አላውቅም።

ሆስፒታል ያገኘችን ሐኪም ወጣት ናት። «እናቴ፣ ምን ሰጧት?» አለችኝ። ልዋሽ አሰብኩ፤ ምላሴ ግን እምቢ አለ።

«ኮሶ» አልኩ።

«ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ዓይን ይጋርዳል» አለችኝ፤ ግሉኮስም ሰቀሉላት። ሰገራዋም ተመረመረ፤ ትል የሚባል አልተገኘም።

«በሆዳችን በዓይን የማይታዩ ብዙ ነፍሳት አሉ፤ እንደ እርሾ ያሉ። ምግብ ያብላሉልናል» አለችኝ ሐኪሟ። «ስፖርትም ብርድም እነሱን ሳይለዋውጥ አይቀርም ይባላል። ሰው ላይ ምን ያህል እንደሆነ ገና በደንብ አልታወቀም። ልጅዎ የከሳችው ግን ሩጫዋን የሚመጥን ስለማትበላ ነው። ብርዱም አለ፤ ሰውነት ለመሞቅ ያለውን ያቃጥላል።»

«ኧረ እጥፍ ነው የምትበላ!»

«አሁንም አይበቃትም።»

አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ እነዚያን ነፍሳት ሳስብ ዋልኩ። በልጄ ሆድ ውስጥ ያለ መንደር መሰለኝ፤ ላህ ስትነከር ብርድ የሚገባው፣ ስትሮጥ ሽር ጉድ የሚል። እኔ ደግሞ በላዩ መራራ ጎርፍ ለቀቅሁበት። እሷን ቀስ ብዬ «ይታይሻል?» እላታለሁ። «ነጭ ነው» ትለኛለች።

በማግሥቱ ፊቷን አጥቤ ልነሣ ስል ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ።

«እማ፣ ጥለቱን ወደ አንገትሽ አድርገሽ እንደ ለቅሶ የለበስሽው፣ ማን ሞተ?»

«ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

«አረንጓዴ። ጠርዙ ተተልትሏል። ደግሞ እርቦኛል።»

ሐኪሟ ዓይኗን በመብራት አይታ ከአደጋ ወጥታለች አለችኝ። ልጄ ታያለች። ተርፋለች። እኔም ተርፌያለሁ።