በምርቃት የመጣ ሰማይ

ሱቄ በር ላይ የተንጠለጠለውን ሰማይ እጠላዋለሁ። ሁለት ሜትር በሦስት የሆነ ባነር ነው፤ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ፣ ጥፍር የምታህል ደመና እንኳን የሌለበት። ገበያተኛው ሁሉ ቀና ብሎ ያይና «እንዴት ያምራል!» ይለኛል። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ዚፕ፣ ዘለበትና ገመድ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እንዲህ የሚያናድድ ዕቃ ገጥሞኝ አያውቅም። በማን መናደድ እንዳለብኝ ለማወቅ ግን ጊዜ ወስዶብኛል።

የሰቀለችው ያለምወርቅ ናት። የእሷንና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ሸራ ሰፊ ናት፤ የጭነት መኪና ልባስ፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የሻንጣ ጥገና፣ ምኑ ቅጡ። አርባ አራት ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ ለምን እንዳላገባች የጠየቃት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ «ውሃ አያስገባም ትላለህ?» ብሎ እኔን በሹክሹክታ ሲጠይቀኝ ሰማችው። ሰውየውን ከሸራው ሥር አቁማ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ደፋችበት። አንድ ጠብታ አልነካውም። ሸራውን ገዝቶ ሄደ።

ተራራ መውጣት የጀመረችው በሥራዋ ሰበብ ነው። እሁድ እሁድ በእግር የሚጓዙ ልጆች የተቀደደ ድንኳን ይዘውላት መጡ። «ይሄን ወንፊት ይዛችሁ ነው ተራራ ላይ የምታድሩት?» ብላ ሰደበቻቸው፤ ጠገነችላቸው፤ በሳምንቱ አብራቸው ሄደች። ከዚያ ወዲህ የሚመልሳት አልተገኘም። ከሰልባጅ ካሜራ ገዛች። ድንኳኗን ከአሮጌ ሸራ ራሷ ሰፋች፤ ዚፑ የእኔ ነው። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያሉት ቀጥቃጮች ከዘይት ቆርቆሮ ትንሽ ምድጃ ሠሩላት። ለካሜራዋ ደግሞ ከተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ካፖርት ሰፋችለት፤ እጇን የምታስገባበት ሁለት እጅጌ ያለው። በእውነት እላለሁ፣ የእኔ ልጆች እንደዚያ ካሜራ ያማረ የዝናብ ልብስ ኖሯቸው አያውቅም።

ከተጓዦቹ ጋር ግን አትስማማም። እነሱ ጫፍ ላይ እንደደረሱ እጃቸውን ዘርግተው እየዘለሉ ፎቶ ይነሡና ይወርዳሉ። «ተራራው አጥር ነው እንዴ የምትዘሉት?» ትላቸዋለች። እሷ ሰው አታነሣም። ሰማዩ ጥርት ካለ ካሜራውን ከቦርሳው አታወጣም። «ጥርት ያለ ሰማይ እዚህ ሱቄ በር ላይም አለ» ትለኛለች። ጠብቃ ነው የምታነሣው፤ ዝናቡ ሊመጣ ሲል፣ ጉሙ ሲነሣ፣ በረዶ መትቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል። አየሩ ሲለዋወጥ ነው፣ ትላለች፣ አገር ፊቱን የሚያሳየው። እኔ ይሄን ስሰማ እስቅባት ነበር። እኛ መርካቶዎች የምናውቀው የተፈጥሮ ፎቶ በየፀጉር ቤቱና በየጭማቂ ቤቱ የተለጠፈውን ሐይቅ ነው፤ የየት አገር ሐይቅ እንደሆነ የለጠፈው ሰው እንኳን የማያውቀውን።

አባቷ አባባ ውቤ ከራጉኤል ጀርባ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። የመንዝ ሰው ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከአገራቸው ወጥተው እህል በረንዳ ጆንያ ሲሸከሙ አረጁ፤ እሳቸው በወጡበት ዓመት እናታቸው ስለሞቱባቸው አንድም ቀን አልተመለሱም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ሐኪሙ የዐይናቸው ግፊት ነርቩን ጨርሶታል፣ መስከረምን ካዩ ጥሩ ነው አለ። ያለምወርቅ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። እኔም ነበርኩ።

«ስወጣ ነሐሴ ነበር» አሉ። «ከገደሉ ሥር ጉም ይነሣል። ጉብታው ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ግራና ቀኙን መንደሩን ሁሉ ይውጥና የእናቴን ቤት ይተዋታል። እዚያች ላይ ብቻ ፀሐይ ይወጣል። ዞሬ ያየሁት እሱን ነው። እሱን ባየው ሌላ አልፈልግም።»

በቃ። ያለምወርቅ በማግሥቱ ድንኳኗን መዘነች። ተጓዦቹ «በነሐሴ ማን አብዶ መንዝ ጓሳ ይወጣል?» ብለው ሸሿት። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም ነው ተብሎ ነበር። ዕቃ የሚሸከምላት ስታጣ እኔ ምላሴን ሳልሰበስብ «እኔ አለሁልሽ» አልኩ። አንድ ጊዜ ካልኩ በኋላ ወደኋላ ማለት አሳፈረኝ።

ሦስት ቀን። ጠዋት ፀሐይ፣ ረፋድ ላይ በረዶ፣ ቀትር ላይ ጉም፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተጠራርተው መጡ። ሣሩ እስከ ጉልበት ውሃ ያዘለ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ጫማዬን አበላሸሁ፣ በሁለተኛው ቀን ትዕግሥቴን። ከዚያ በኋላ ድንኳን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እሷንም፣ ጉሙንም፣ መንዝንም ስረግም ዋልኩ። እሷ ከድንኳኑ ሃምሳ እርምጃ ርቃ ገደሉ አፋፍ ላይ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁማ፣ እጇን በካፖርቱ እጅጌ ከትታ፣ ጉብታው ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች። ሦስተኛው ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸቷን ሰማሁ።

«ወርቁ! ወርቁ ና! ና እይ!»

ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። «አንቺው እይልኝ!» አልኳት ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ።

ሁለቴ ጠራችኝ። ከዚያ ተወችኝ። ስትመለስ ከራሷ እስከ እግሯ ውሃ ሆና፣ እየሳቀች፣ ዐይኗ ቀልቶ፣ ያነሣችው የሚታይበትን የካሜራውን መስታወት ፊቴ ላይ ደቀነችው። አፍንጫዬን እየጠረግሁ «ቆንጆ ነው» አልኳት። በዐይኔ ጥግ እንኳን በደንብ አላየሁትም። መቼ ነው የምንወርደው የሚለው ነበር ያሳሰበኝ።

አዲስ አበባ ስንገባ ትኩሳት ጣላት። ከአልጋዋ ሆና የካሜራውን ሚሞሪ ሰጠችኝ። የአባቷ ዐይን ትንሽ ፎቶ ስለማያነብ በትልቅ ባነር ይታተም አለች። «እንዳለ ይታተም። ምንም እንዳይነካው። ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ። አብነት አካባቢ ባነር ለሚሠራው ለሁዛይፋም ቃል በቃል ነገርኩት። እንዳለ አትም፣ ምንም አትንካ። ልጁ ጨዋ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። «እሺ ጋሼ ወርቁ፣ ነገ ከሰዓት ይድረሱልኝ» አለኝ። ነገሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት።

ግን እኔ የመርካቶ ሰው ነኝ። መርካቶ ውስጥ ያለ ምርቃት የሚያልቅ ግብይት የለም። ሦስት ሜትር ገመድ ለገዛ ክንድ ያህል እጨምርለታለሁ፤ ደርዘን ዚፕ ለወሰደ አንድ ዚፕ እመርቅለታለሁ። ምርቃት ያልጠየቀ ገዢ ፋራ ነው፤ ያልሰጠ ነጋዴ ደግሞ ስስታም። ከሱቁ ልወጣ ስል እግሬ ደጃፉን እየተሻገረ አፌ ብቻውን ተናገረ።

«ምርቃቱስ?»

ሁዛይፋ ሳቀ። «ለእርስዎማ እንዴት አላስብ! አሳምሬ ነው የማስረክብዎት።»

እኔም ሳቅሁ። ምን እንደጠየቅሁ አላሰብኩም። ባነር ላይ ምን ይጨመራል? ከወረቀት ትርፍ ክንድ አይቆረጥ!

በማግሥቱ ሲዘረጋልኝ ሰማያዊ ነበር። «ሰማዩ ተበላሽቶ ነበር ጋሼ። ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ ጭስ። ግማሽ ቀን ሠራሁበት፤ በምርቃት ነው፣ አይከፍሉም።» ጉሙን ጠርጎታል። ጉብታው አረንጓዴ ሆኖ ተወልውሏል። የተዋጠው መንደር ሁሉ እንዳልተዋጠ ተደርጎ ሣር ለብሷል። «ሚሞሪውንም አጽድቼ የሚያምሩ የተፈጥሮ ፎቶዎች ሞልቼበታለሁ» አለኝ። «እሱም ምርቃት ነው።» የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ደስ አለኝ። ጠይቄ ስላገኘሁ ደስ አለኝ! ባነሩን ጠቅልዬ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ እየፎከርኩ፣ በቀጥታ ራጉኤል ጀርባ ሄድኩ።

ያለምወርቅ ጋቢ ተከናንባ አባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት። አባባ ውቤ ተነሥተው ቀረቡ። አፍንጫቸው ባነሩን እስኪነካ ቀረቡ። ከግራ ጀምረው በዝግታ እስከ ቀኝ ጫፍ ሄዱ፤ በመዳፋቸውም ዳሰሱት። ከዚያ ዞር ብለው በጨዋ ደንብ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ያማረ ነው» አሉኝ። «የማን አገር ነው?»

ያለምወርቅ ባነሩን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«ምን አልኩህ?»

«እንዳለ ነው ያልኩት፣ ምርቃት ብሎ...»

«ማን ምርቃት ጠየቀ?»

በትኩሳቷ ላይ ተነሥታ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። አብነት እስክንደርስ ከኋላዋ እንደ ጥፋተኛ ውሻ ተከተልኳት። ሁዛይፋ ነገሩ አልገባውም። ዋናውስ አለች፤ እዚያው ላይ ነው የሠራሁት አለ። የተናደደችው ለምን እንደሆነ ቢጠፋበት ኮምፒውተሩን አዞረላት።

«ደመና ከፈለጉ እኮ ችግር የለም፣ እትዬ ያለም። ብዙ ዓይነት አለኝ። ይምረጡ።»

ከፈተው። መዓት ደመና። ነጭ፣ ጥቁር፣ ብርቱካንማ፣ እንደ ጨርቅ ናሙና ተደርድሮ። የት አገር ላይ ያረፈ እንደነበረ የማይታወቅ ደመና። ያለምወርቅ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ብትጮህ በተሻለ ነበር። «ይሄ የአባቴ ቤት ላይ አልዞረም» አለችና ወጣች። ሞባይል ጠጋኙ ኢምራን ከሚሞሪው የጠፋውን ሊያወጣ ሁለት ቀን ታገለ። ያገኘው ከላይ በኩል ሁለት ጣት የምታህል ደመና ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። ሁዛይፋ በሞላበት ምርቃት ተሸፍኖ ቀረ።

ጳጉሜን ላይ ብቻዋን ተመልሳ ወጣች። መስከረም ላይም እንደገና። ከላይ ሆና አንድ ጊዜ ስልክ ደወለችልኝ፤ ንፋሱ ይሰማኛል። «ሰማዩ የሁዛይፋ ሰማይ ሆኗል» አለችኝና ዘጋችው። ክረምቱ አልፎ ነበር። ካሜራውን ከቦርሳው ሳታወጣ ወረደች። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት አባባ ውቤ ጠዋት ተነሥተው ገና አልነጋም ወይ ብለው ጠየቁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር።

በማግሥቱ ባነሩን፣ መዶሻና ምስማር ይዛ መጣች። ደንበኞቼ ቆመው እያዩ ሱቄ በር ላይ ቸነከረችው። «ያንተ ምርቃት ነው፣ ያጥላልህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በቆርቆሮው ወዲያና ወዲህ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። አንድ ቀን ላወርደው መሰላል ላይ ወጥቼ ነበር። ሳልነካው ወረድኩ።

ኅዳር ሲጋመስ መቻል አቃተኝ። እሁድ ጠዋት አባባ ውቤ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው፤ ሁሉንም አንድ ባንድ ነገርኳቸው። «ተነሥ፣ ተነሥ» አሉኝ። «በክፋት አላደረግኸው። ይልቅ ናልኝ፣ ቁጭ በል።» እጄን ፈልገው ያዙ።

«አንተ እዚያ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ አባባ።»

«እሷ ነግራኛለች። ግን ልጅ ናት፤ እኔን ለማስደሰት ስትል ልትጨምርልኝ ትችላለች። ያንተን ልስማ። ጉሙ ጉብታው ጋ ሲደርስ በየት በኩል ነው የዞረው? ቤቷስ? እውነት ፀሐይ ወጣባት?»

በማያየው ዐይናቸው ወደ አፌ ያዩ ነበር። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው። አዎን አባባ፣ በግራ በኩል ዞረ፣ ቤቷ በራች ማለት። አፌ ለምዶታል፤ ሊጨምርላቸው ተከፍቶ ነበር።

«አላየሁም አባባ» አልኩ። «ድንኳን ውስጥ ነበርኩ።»

እጄን አልለቀቁኝም፤ ጭብጣቸው ግን ላላ። በሩ ላይ ጥላ ሲወድቅ ዞርኩ። ያለምወርቅ የውሃ ባልዲ እንደያዘች ቆማለች። ከወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ጠርቼህ ነበር እኮ» አለችኝ። «ሁለቴ።»