ከተሳቢው ጎማ ሥር የነበረው ቲታኔት

ድንጋይ እማራለሁ ስላቸው ዘመዶቼ ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን የቀረሁ ይመስላቸዋል። ከደሴ ወልድያ የጭነት መኪና የሚነዱት አጎቴማ ሰው ባለበት ሁሉ "ልጃችን በድንጋይ ልትመረቅ ነው" እያሉ ያስተዋውቁኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

አንዴ መርሳ ምሳ ስንበላ ላስረዳቸው ደከምኩ። ቲታኔት የሚባል ማዕድን ታይታኒየምና ኦክስጅን አጥብቀው የሠሩት ቤት ነው፣ በየክፍሉ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ እምብዛም የማይገኙ ንጥረ ነገሮችም ተከራይተውበታል አልኳቸው። ትኩስ ውሃ በአለቱ ሲያልፍ ሶዲየሙን ያስወጣና ራሱ ይገባል፤ ቤቱ ግን አይፈርስም። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ማጣራት ነው የኔ ሥራ። አጎቴ በጥሞና ሰሙኝና "የቀበሌ ቤቶች ሥራ ነው በይኛ" አሉ።

ከሰበሰብኳቸው ድንጋዮች ማዕድኑ ያለው በአንዱ ብቻ ነበር። አስተማሪዬ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን የቲታኔት ክሪስታል ሳይሰበር ይዘሽ ካልመጣሽ ምርቃት የለም ብሎኛል። ሌላ እንዳላመጣ፣ ያገኘሁበት ከውርጌሳ በላይ ያለው ኮረብታ ለመንገድ ጠጠር ተፈጭቷል። እድሜ ለልማት፣ መመረቂያዬ ላይ መኪና ይሄድበታል።

ድንጋዮቼን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ አጎቴ መኪና ላይ ጫንኩ። ውርጌሳ ዳገቱ ላይ ሻይ ሊጠጡ ሲያቆሙ እኔ ጋቢና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኛል። መርሳ ስንደርስ ከረጢቱ ተፈትቷል፣ ያ ድንጋይ የለም። ለካ የጎማ ታኳቸው ጠፍቶባቸው፣ ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መርጠው የኔን ነፍስ ጎማ ሥር ሸጉጠዋል። ሲነሱም ለቀጣዩ ሾፌር ይጠቅማል ብለው እዚያው ትተውታል። የወሎ ደግነት ይሉሻል ይሄ ነው።

"ምን በደልሁዎ ጋሼ?"

"ልጄ፣ ከረጢት ሙሉ ድንጋይ ይዘሽ በአንዱ ትሰስቻለሽ?"

በባጃጅ ወደ ውርጌሳ ተመለስኩ። ድንጋዬ አለ፤ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ተደግፎታል። በደስታ ልጎትተው ጎንበስ ስል ከመኪናው ሥር የሰው እግር አየሁ። መካኒክ ነው፣ ፍሬኑን ፈቶ ተጋድሟል።

ድንጋዩ የኔ ነው አልኩት። ምርቃቴን፣ ክሪስታሉን፣ ተከራዮቹን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ተሳቢ ሥር ተኝቶ ስለ ቲታኔት የተማረ ሰው ከሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"እህቴ፣ ድንጋዩ ያንቺ ይሁን፤ እኔ ግን የልጆቼ ነኝ" አለ።

አፈርኩ። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ የገዛ ድንጋዬ ዘበኛ ሆንኩ። ታኮ ፍለጋ ወደሱ የሚያይ ሾፌር ሲመጣ ዓይኔን አፈጥጥበታለሁ። ብዙም ሳይቆይ ተሳቢው ተንቀጠቀጠ፣ ድንጋዩም ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። "ውጣ!" ብዬ ጮህኩ። ጎማው ድንጋዩን ቀስ እያለ ሲፈጨው ሰውየው በሆዱ ተስቦ ወጣ፤ ተሳቢውም ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ቆመ።

ተንበርክኬ ብፈልግ ክሪስታሉ የነበረበት ጎን ዱቄት ሆኗል። መካኒኩ ፍርካሹን ለቃቅሞ፣ ግራሶ በተለወሰ ጨርቁ ጠቅልሎ አቀበለኝ።

"ይበቃሻል?" አለኝ።

"ይበቃኛል" አልኩት።