ስንት ሰው ነው ውስጥ ያለው?

ቨርዳ ኮልቤክ ሰው የማታምነው ክፉ ሆና አይደለም፤ ሥራዋ ነው እንዲህ ያደረጋት። በነብራስካ፣ ቴልማን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የገበሬዎች ማኅበር ጎተራ በር ላይ ባለችው ሚዛን ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። እህል የጫነ መኪና ሁሉ በመስኮቷ ሥር ያልፋል። መጀመሪያ ከነጭነቱ ይመዘናል፤ በቆሎውን ዘርግፎ ሲመለስ ደግሞ ባዶውን ይመዘናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እህል ነው ይባላል። ቨርዳ ግን ልዩነቱ ሁልጊዜ እህል እንዳልሆነ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ነቃች። ሬይ እና ጊልበርት ቮታቫ የሚባሉ ወንድማማቾች ከአማቻቸውና ጥጃ ከሚያህል ውሻቸው ጋር ጋቢና ውስጥ ታጭቀው መጡ። ባዶው ሲመዘን ግን ሬይ ብቻውን መሪ ይዞ እያፏጨ ተመለሰ። ሁለት ወፋፍራም ሰዎችና አንድ ውሻ በቆሎ ተብለው ሊመዘገቡ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቨርዳ ሰላምታ ተወች፤ ስለ ዝናብ ማውራትም ቀረ። መኪና ሲቆም መስኮቷን ከፍታ አንገቷን ታወጣና፣ «ስንት ሰው ነው ውስጥ ያለው?» ትላለች። የሰፈሩ ልጆች ድምፅዋን እያስመሰሉ ይጫወቱበታል። ፓስተሩ እንኳ እሑድ በር ላይ ሲያገኛት «ዛሬስ ስንት ነን ቨርዳ?» ይላታል። እሷ ግን ቀልዱ አይገባትም፤ ቆጥራ ትነግረዋለች።

«ነፃ» የሚለውን ቃል ከሁሉም በላይ ትጠላዋለች። ልጇ ሎሪን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ፣ ዴንቨር ሄዶ የፀጉር ሥራ በነፃ መማር ይቻላል፣ አውቶቡሱም ተከፍሏል የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። ለስድስት ወር ነው ተብሎ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት የስምንት ወር ሕፃን ታቅፋ መጣችና፣ «ለዚህ ክረምት ብቻ ያዥልኝ» ብላ ተመልሳ ሄደች። ሕፃኗ ትሪና ናት። ያ ክረምት ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ቨርዳ በዚህ ዓለም ላይ የቀራት ትሪና ብቻ ናት፤ ይህችኛዋንም የሆነ ሰው አንድ ቀን በነፃ ብሎ ይወስድብኛል ብላ ስትሰጋ ኖራለች።

እና ትሪና አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በከተማው አውሮፕላን ሜዳ ልጆችን በአውሮፕላን ያንሸራሽራሉ ይላል።

«በስንት?» አለች ቨርዳ።

«በነፃ።»

«ነዳጁንስ ማን ይችላል?»

«አብራሪዎቹ ራሳቸው። ልጆች መብረር እንዲወዱ ብለው ነው አሉ፣ አያቴ።»

«ከወደዱስ በኋላ?»

ትሪና ትከሻዋን ነቀነቀች። ቨርዳ ግን መልሱን የምታውቅ መሰላት። መጀመሪያ የበረራ ትምህርት ሊሸጡላቸው ነው አለች። ማታ እራት ላይ ደግሞ፣ የለም፣ ለጦር ሠራዊት ምልመላ ነው አለች። ሦስተኛውን ግምቷን ለልጅ የሚነገር አይደለምና በሆዷ ያዘችው። የዚህ ሁሉ ነገር አለቃ ሊላንድ ሲሜክ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው፣ ዕድሜውን ሙሉ በአውሮፕላን ማሳ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ኖሮ ጡረታ የወጣ የሰባ ዓመት ሰው። ቨርዳ ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ስታጠያይቅ ሰነበተች። መድኃኒት ቤት ጠየቀች፤ ፀጉር ቆራጩን ጠየቀች፤ በአንድ ወቅት የቀጠሩትን ገበሬዎች ሁሉ ጠየቀች። ያገኘችበት ጥፋት፣ ከሃያ ዓመት በፊት ሲጋራ አልቆበት አውሮፕላኑን መኪና መንገድ ላይ አሳርፎ ሱቅ መግባቱ ብቻ ነበር። ነውር ያልተገኘበት ሰው ደግሞ ይብስ ያስጠረጥራት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት፣ ተንኮሉን በዓይኔ ልየው ብላ ትሪናን ይዛ ሄደች፤ ሜዳው ከጎተራው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። አውሮፕላን ማቆሚያው ውስጥ ፓንኬክ ይጠበሳል፤ አሥራ ምናምን ልጆች ተሰልፈዋል። ሊላንድ ደብተር ይዞ እያንዳንዱን ልጅ ክብደቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ አቁሞ ይጽፋል። ተራው ትሪና ጋ ሲደርስ ቨርዳ መሃል ገባች።

«የልጅቷ ክብደት ለምን አስፈለገህ?»

«አንቺው ነሽ የምትጠይቂኝ?» አለ ሊላንድ። «ስንት እንደጫንኩ ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልነሣ?»

ቨርዳ የሰው ሚዛን ሳትመረምር አታልፍም። ከመኪናዋ ላይ የጎተራውን ሚዛን የምትፈትንበትን የሃምሳ ፓውንድ ብረት አወረደችና በሁለት እጇ ተሸክማ መጥታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። አርባ ስድስት አለ።

«ስንቱን ልጅ አራት አራት ፓውንድ ቀንሰህ ነው ስታበር የኖርከው፣ ሊላንድ?»

ሊላንድ ኮፍያውን አወለቀና ብረቱንም ሚዛኑንም እያፈራረቀ አየ። ከዚያ አልተቆጣም፤ አላመካኘምም። እርሳሱንና ደብተሩን ለእሷ ሰጣት፤ ከዛሬ ጀምሮ መዛኟ አንቺ ነሽ አላት። ቨርዳ ተቀበለች። የተቀበለችው ስላመነችው እንዳይመስላችሁ፤ ደብተሩ እጇ ላይ ካለ ተንኮሉን ለማግኘት ይቀላል ብላ ነው።

ተንኮሉን ስትፈልግ ሦስት ዓመት አለፈ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ብረቷን ይዛ ትመጣለች፤ ልጆቹን ትመዝናለች፤ የሚገቡትንና የሚወርዱትን ትቆጥራለች። ያለ እሷ ፈቃድ ማንም አውሮፕላን ላይ አይወጣም ተባለ። ትሪና በበኩሏ ከመጀመሪያው ሽርሽር ስትመለስ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ይሄ ነው ቨርዳን ያስፈራት። ልጅቷ ሣር እያጨደችና የአውሮፕላን ክንፍ እያጠበች ሊላንድ ዘንድ መማር ጀመረች። ማጨዱ ለትምህርቱ ክፍያ ነው ተባለ። ቨርዳ የታጨደውን ሣር በዓይኗ ለካች፤ የተሰጠውን የትምህርት ሰዓትም ቆጠረች። ሒሳቡ ለትሪና ያደላል። ታዲያ ይሄ ሰው ምን ያተርፋል እያለች ተብሰለሰለች።

ትሪና አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል ሊላንድ አንድ ወረቀት አመጣ። ልጅቷ ብቻዋን እንድትበር አሳዳጊዋ የምትፈርምበት ነው። ቨርዳ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ቀኑ የታለ?»

«ቀን የለውም። ዝግጁ መሆኗን ሳይ እኔ እወርዳለሁ። ለእሷም አይነገራትም፤ ከተነገራት ሌሊቱን አትተኛም።»

«ለእኔስ?»

«አንቺማ ጭራሽ።»

ቀኑ የማይታወቅ ወረቀት በሕይወቷ ፈርማ አታውቅም። ሚዛን ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና አራት ሳምንት ሙሉ አልነካችውም። ትሪናም አልጠየቀቻትም። እራት ትበላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ዝም ትላለች። አንድ ምሽት ቨርዳ ያንን ዝምታ አወቀችው፤ ሎሪንም ከመሄዷ በፊት እንደዚሁ ነበር ሳህን የምታጥበው። በማግስቱ መሳቢያውን ከፍታ ፈረመች። ፈረመችና ቀኑን ሙሉ በራሷ ላይ ስትናደድ ዋለች።

የጥቅምት አጋማሽ፣ አጨዳ የጦፈበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቮታቫ ወንድማማቾች መኪና ሚዛኑ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ስድስት መኪና ተሰልፏል። ትሪና የበረራ ትምህርት ያላት ቀን ስለሆነ ቨርዳ አንድ ዓይኗን ከመንገዱ ማዶ አላነሣችም። ሊላንድ የሚያስተምርባት ባለሁለት ወንበሯ ነጭ አውሮፕላን ተነሣች፤ ሁለት ራስ። ዞራ አረፈች፤ ሁለት ራስ። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆመች፤ በሩ ተከፈተ፤ ሊላንድ ወረደ።

ቨርዳ ከወንበሯ ተነሣች። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችው ነገር ይሄው ነው፤ አንድ ሰው ሲወርድ። ሽማግሌው በሩን ዘጋ፣ ክንፉን በእጁ መታ መታ አደረገ፣ ወደ ሣሩ ሄደ። አውሮፕላኗ ፊቷን አዞረች። ቨርዳ መኪና ሚዛን ላይ ትታ ወጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ወጣች። የመኪናው ጥሩምባ ከኋላዋ እየጮኸ መንገዱን ተሻገረች። ስትደርስ ሊላንድ በእጁ ሬዲዮ ይዞ ቆሟል።

«ስንት ሰው ነው ውስጥ ያለው?» አለች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«አንድ።»

«መልሳት።»

«ቨርዳ፣» አለ ዓይኑን ከማኮብኮቢያው ሳያነሣ፣ «ክብደቴን ታውቂያለሽ። አንቺው ነሽ የመዘንሽኝ።»

መቶ ዘጠና ሁለት። ታውቃለች። ያን ያህል ክብደት የወረደለት አውሮፕላን ምን እንደሚሆን ለእሷ መንገር አያስፈልግም። አውሮፕላኗ ከተለመደው ቦታ ብዙ ቀድማ መሬቱን ለቀቀች፤ ስትወጣም ቶሎ ቶሎ ወጣች። ቨርዳ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ፍርሃቷ ግን ልጅቷ ትወድቃለች የሚል አልነበረም። አሁን ወደ ምዕራብ ቀጥ ብላ ብትሄድ፣ ወደ ዴንቨር፣ ማን ይመልሳታል ብላ ነው የፈራችው። አውሮፕላኗ ማሳው ጫፍ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፈች። እንደገና ታጠፈች። ጎተራውን በሩቁ ዞራ ተመለሰች፤ አረፈች። ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው ላይ ቨርዳ እንባዋ መውረዱን ያወቀችው ሊላንድ መሐረቡን ሲያቀብላት ነው።

ትሪና ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ሊላንድ እንኳን ደስ አለሽ እንዳላት ከኪሱ መቀስ አውጥቶ በጀርባዋ በኩል ሄደና የሸሚዟን ጫፍ ያዘ። ቨርዳ ዘልላ የእጁን አንጓ ጨምድዳ ያዘችው።

«አያቴ ተይው፣ ወግ ነው!» አለች ትሪና እየሳቀች።

ሊላንድም አስረዳት። በጥንቶቹ አውሮፕላኖች አስተማሪው ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ሞተሩ ስለሚጮህ ሲያርም የልጁን ሸሚዝ ከኋላ ይጎትታል። ብቻውን የበረ ልጅ የሚጎትተው አያስፈልገውምና ሸሚዙ ይቆረጣል፤ ስምና ቀን ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ቨርዳ እጁን ለቀቀችው። ሸሚዙን ስታየው የራሷ ነበር፣ ጀርባው ላይ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት የሥራ ሸሚዝ። ጫፉን በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«መቀሱን ለእኔ ስጠኝ፣» አለች።

አጣማ ቆረጠችው። ስሙንና ቀኑን በትልልቁ ጽፋ ለሊላንድ ሰጠችው፤ ሊላንድ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ሦስት ዓመት ስትፈልገው የኖረችውን የሰውየውን ትርፍ ያየችው ያኔ ነው፤ ሽማግሌው ያለቅስ ነበር።

ሚዛን ቤት ስትመለስ ሰልፉ አሥራ አንድ መኪና ደርሶ ነበር። ጊልበርት ቮታቫ ጋቢናውን ትቶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ተመለስና ግባ፣» አለችው። «ሁለት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት።»

ገባ። መስኮቱን አወረደና ወደ ሰማዩ ጠቆመ።

«እኔ የምልሽ ቨርዳ፣» አለ እየሳቀ እንደ እሷ አንገቱን አውጥቶ፣ «እዚያኛዋ ላይ ስንት ሰው ነበር ውስጥ ያለው?»

«አንድ፣» አለች ቨርዳ። «የእኔ ልጅ ናት። ተመለሰች።»

ጊልበርት መሳቁን ተወ። ያን ከሰዓት በኋላ ቨርዳ የጻፈቻቸው የሚዛን ወረቀቶች እንባ ነክቷቸው የማይነበቡ ሆነው ገበሬዎቹ ሁሉ በማግስቱ አዲስ ለማጻፍ ተመልሰው መጡ።