የአባቴ የሽታ መንገድ

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሁሉን ነገር በሰው እጅ ለመቀበል እሺ አለ፤ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ። ለሶላት ሲነሳ ታጥቦ ውዱእ ወደሚያደርግበት የጓሮ ድንጋይ ማንም እየመራ እንዲወስደው አልፈለገም። «ጌታዬ ፊት ለመቆም የምሄደውን እንኳ ራሴ ልሂድ» ይል ነበር። ሁለቴ መንገድ ስቶ ከጓሮው ጀርባ ካለው ቦይ ሊገባ ሲል ደረስንበት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ልቧ አላርፍ አለ።

ያን ጊዜ የከሚሴ ጓሮ ሁሉ አትክልት ይተከልበት ተብሎ በቀበሌ ታዞ ነበር። ትእዛዙ ለእኔ ተመቸኝ። ዐመድ በጣሳ ይዤ ከበሩ እስከ ድንጋዩ መሬቱ ላይ መስመር አወጣሁ። ከደጃፉ በሶብላ፣ መታጠፊያው ላይ ጤና አዳም፣ እግሩን እንዲነካው ግራና ቀኙን ጎመንና ቃሪያ፣ ድንጋዩ አጠገብ ጽጌረዳ። የጽጌረዳውን ችግኝ አክስቴ ከደሴ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። የቀበሌው ሰው ሊያይ መጥቶ አበባ አይበላም ብሎ ሲያጉረመርም፣ እናቴ ከጽጌረዳው በጥሳ አፏ ውስጥ ከተተችና እያየ አኘከች። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ወጣ። ከእናቴ ጋር እልህ መጋባት ለማንም አይበጅም ነበር።

አባቴ መንገዱን በአፍንጫው ተማረ። ጤና አዳሙ ዘንድ ሲደርስ ቅጠሉን አሸት አድርጎ ይታጠፋል፤ ጽጌረዳው ሲሸተው እጅጌውን መጠቅለል ይጀምራል። ሲመለስ ለምሳው ቃሪያ በዳሰሳ ቆርጦ ይገባል። ያን ሰሞን ቤታችን ሳቅ ተመለሰ፤ እኔም ኮራሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ዱዓ የሚይዙት የሰፈራችን እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ለዓይኑ ብርሃን ሊለምኑለት መጡ። በእኛ ዘንድ የዱዓ ቤት ያለ መልካም ሽታ አይሆንም። እኔና እናቴ ለዱዓው ጫት ልንገዛ ገበያ ወጥተን ስንመለስ፣ በሶብላው ታጭዷል፣ ጤና አዳሙ ተመልምሏል፣ ከጽጌረዳው የቀረው እሾኩ ነው። ሴቶቹ ሁሉንም ቆርጠው ቤት ውስጥ መሬቱ ላይ ጎዝጉዘውታል። እናቴ ተንገበገበች፤ ግን ለባሏ ዓይን እጃቸውን ዘርግተው የሚለምኑትን ሴቶች ምን ብላ ትቆጣ?

ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ አባቴ ተነስቶ ወጣ። ከሩቅ ተከተልኩት። መታጠፊያው ጋ ቆሞ አየሩን አሸተተ። ሽታው ሁሉ የሚመጣው ከኋላው፣ ከቤት ነበር፤ የሴቶቹ አሚን ደግሞ ግቢውን ሁሉ ስለሞላው በድምፅ መለየት አልቻለም። ዞሮ ተመለሰ። ልጠራው ስል ደጃፉን አልፎ ገባ። በሴቶቹ መሀል አልፎ ጽጌረዳው በብዛት ከተጎዘጎዘበት ቆመ፤ እጅጌውን ጠቀለለ፤ ቁጢጥ ብሎ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን በዳሰሳ ይፈልግ ጀመር።

አሚን ይሉ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። አባቴ ዝምታውን ሲሰማ የት እንዳለ ገባው። እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ልጄ፣ አለሽ?» አለ በቤታችን ቋንቋ፣ በኦሮምኛ።

አለሁ ስለው ክንዱን ዘረጋልኝ።