የእትዬ ዘውዴ ጉልበት

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን እጠርግና አልፈዋለሁ። ሚስቴም አታውቅም። እርስዎ የሚያነቡኝ ግን አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትምና ለእርስዎ ልናገር። የሰው ጤነኛ ጉልበት ታሟል ብዬ ዋሽቻለሁ። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ማንም አላስገደደኝም፣ ተሳስቼም አይደለም።

አባቴ ወጌሻ ነበሩ። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ወለም ያለው፣ የተሰበረው፣ ከበቅሎ የወደቀው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በእሳቸው እጅ አልፏል። እኔ ሙያቸውን አልወረስኩም። የወረስኩት ሰው ያሹበት የነበረውን ክፍል ነው፤ እሱንም ጂም አደረግሁት። ከጋራዥ የለቀምኩትን የመኪና ብረትና ሲሚንቶ የሞላሁበትን ቆርቆሮ ደረደርኩ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት ሰቀልኩ። የከተማው ሰው ግን አሁንም "የወጌሻው ልጅ" ነው የሚለኝ፤ እግሩ ወለም ባለው ቁጥር እኔ ዘንድ ይመጣል። እኛ ዘንድ ከሐኪም ወረቀት ይልቅ የሚዳስስ እጅ ይታመናል። እኔም "አላውቅበትም" ብዬ መመለስ ሲገባኝ፣ ደስ እያለኝ እዳስስ ነበር።

ጂሜ መጥፎ አልነበረም። አስተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞችና ጥቂት ነጋዴዎች ይመጡ ነበር። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ይሰካል፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ የራሱን ክንድ እያየ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ይሄዳል። አንዱ ወር ሙሉ ቢጠፋ ሌላው ብረቱ ስለተለቀቀለት ደስ ይለዋል እንጂ የት ገባ አይልም። እኔስ ጠይቄ አውቃለሁ? አላውቅም።

ከዚያ ዘይነባ የምትባል የስፖርት አስተማሪ ከአቀስታ ተዛውራ መጣች። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስፒከሯን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ማስ ስፖርት ጀመረች። መጀመሪያ ሰባት ሴቶች ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሜዳው ጢም አለ፣ የኔ ክፍል ደግሞ ጭር አለ። ምን ቢያገኙ ነው ብዬ አንድ ቀን ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ አየሁ። ጋሽ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ "አሚን" አሉ። ከዚያ ዘይነባ ስትቆጥር ሁሉም አብረው ይቆጥራሉ። ወደ ግራ ሲባል አንድ የባንክ ሠራተኛ ወደ ቀኝ ዞሮ ከአንዲት ቲማቲም ሻጭ ጋር ተላተመ፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ሲጨርሱ ዘይነባ "ዛሬ ማን ቀረብን?" አለች፣ የቀረውም ሰው ጎረቤቶች ሊጠይቁት ሄዱ። ልክ እንደ ጅጌ፤ በእርሻ ጊዜ ከጅጌው የቀረ ሰው መጀመሪያ ደህና መሆኑ ነው የሚጠየቀው። እኔ ያንን ሳይ ምን ተሰማኝ? ቅናት። ስሙ ሌላ አይደለም።

እትዬ ዘውዴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በቀር የትም የማይሄዱ ሴት ነበሩ። ዘይነባ ጎረቤታቸው ስለነበረች እየጎተጎተች አወጣቻቸው። ከረዥም ቀሚሳቸው ሥር የልጃቸውን ሸራ ጫማ ተጫምተው መጡ፣ ሳምንት ሙሉም ቁጭ ብድግ ሠሩ። በሳምንቱ እያነከሱ እኔ ዘንድ መጡ።

"ልጄ፣ እስቲ ያባትህን እጅ አሳርፍብኝ" አሉኝ።

ዳሰስኩ። ጉልበታቸው ምንም አልነበረውም። ጭናቸው ነበር የዛለው፤ ቁጭ ብድግ የጀመረ ሰው ሁሉ ጥቂት ቀን እንደዚያ ነው የሚሄደው። ለደንበኞቼ ስንቴ "አይዞህ፣ ሠራህ ማለት ነው" ብያለሁ! አውቅ ነበር። ቀና ስል ባዶውን ክፍል በመስታወቱ ውስጥ አየሁት።

"እትዬ፣ የጉልበትዎ ጅማት ሳስቷል። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ከዘለሉ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት" አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። "ይሁን፣ ዱሮም ለኔ ያለው አይደለም" አሉ። ከዚያ መረቁኝ። አባትህን ነፍሳቸውን ይማር፣ እጅህ ይባረክ ብለው መረቁኝ! እኔም በዚያው አፌ አሜን አልኩ።

ወሬው በገበያ ቀን ከተማውን ዞረ። ጉልበቴን የሚል ሁሉ ከሜዳው ቀረ። ወደኔ የተመለሰው አንድ የቢሮ ሠራተኛ ብቻ ነው፣ እሱም አልቆየ። እትዬ ዘውዴ በራቸውን ዘጉ። ዘይነባ ግን እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፣ ሐኪሙም ጉልበትዎ ደህና ነው አላቸው። እሳቸው ግን "ሐኪሙ በዓይኑ ነው ያየኝ፤ የወጌሻው ልጅ ግን ዳስሶኛል" ብለው አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ በዘይነባ ልመና፣ ዳር ቆመው እጃቸውን ብቻ ሊያንቀሳቅሱ ተስማምተው ተመለሱ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

እኔም ብቻዬን መስታወት ማየት ሰለቸኝና አንድ ማለዳ ሄጄ ከኋላው ሰልፍ ቆምኩ። ዘይነባ "እጅ ወደ ላይ!" ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም። ያን ሁሉ ብረት የማነሳው ሰውዬ ከቲማቲም ሻጯ ጋር መሄድ አቅቶኝ አለከለክሁ። "አብሽር የወጌሻው ልጅ፣ ብረቱን ቤት ረስተኸው ነው!" አለችኝ ሻጯ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ይኸው ዛሬም ከዚያ ሜዳ አልቀርም። ጂሙን ከሰዓት ለሚመጡት እከፍታለሁ፤ ማለዳዬ ግን የሜዳው ነው፣ ደስተኛም ነኝ። ይህን መደበቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ሊጠይቁኝ የቤቴን ዳገት ወጥተው መጡ። ከፊት እትዬ ዘውዴ ነበሩ፣ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ ይዘው። በየድንጋዩ ላይ ያንን ጉልበት እየጠበቁ፣ እየተጠነቀቁ ነው የመጡት። ለኔ ሲሉ! አፈርኩ። ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ስቤ ተኛሁ፤ ትኩሳቱ መስሏቸው "አይዞህ ልጄ" አሉኝ።

ዘይነባ "ዝላይ!" ስትል ሁላችንም እንዘላለን፣ አቧራው ይነሳል። እትዬ ዘውዴ ዳር ቆመው እግራችንን ያያሉ። አንዳንዴ ተረከዛቸው ሳያውቁት ትንሽ ከፍ ይልና ቶሎ መሬት ይይዛል። ያ ተረከዝ ከፍ ሲል ባየሁ ቁጥር ዝላዬን አቋርጣለሁ። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። እርጅናም አይደለም፣ ኀዘንም አይደለም፤ እኔ ነኝ።

እንጀራዬ ሊዘጋ ስለነበር ነው ልል እችል ነበር። አልልም። አባቴ በእጃቸው ዋሽተው አያውቁም፤ እኔ በእሳቸው እጅ ዋሸሁ። እርስዎንም ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፣ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ነገ ጋሽ ይማም መርቀው ሲያበቁ፣ ሙዚቃው ሳይከፈት፣ ሁሉም ባሉበት እናገራለሁ። ከሰልፉ ቢያስወጡኝ ይገባኛል። ከእንግዲህ ወለም ያለውን እግር ወደኔ የሚያመጣ ባይኖርም ይሻላል። የምለውን ብቻዬን ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ፤ አጭር ነው።

እትዬ ዘውዴ፣ ጉልበትዎ ያኔም ምንም አልነበረውም። ዋሽቼዎት ነው። ይዝለሉ።