ሃያ አንዱ ዐረፍተ ነገሮቼ

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ አንዴ ከተናገርኩ በኋላ ለምን ሁለተኛ አልደገምኩትም? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። የስቴንስል ቀለም በሸተተኝ ቁጥር ግን ጥያቄው ከነንዴቱ ይመጣል።

ታጋዮቹ ከተማችን ገብተው ነፃነት ከመጣ ብዙም አልቆየም። ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር፣ አንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ገጀረት ሰፈር፣ ለጎልማሶች በተከፈተው ክፍል እማራለሁ። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን መውረድን የሚያመለክተውን «ዳውን»ን ሰሌዳው ላይ ጻፈና፣ የሚገባበትን ሁሉ በዐረፍተ ነገር ሰብስበን እንድናመጣ አዘዘን። ሌላው አምስት ስድስት አመጣ። እኔ ሃያ አንድ። ከመጽሐፍ አልገለበጥኩም፤ እጄ ሳሙና እንደነካው ካየሁትና ከሰማሁት ለቀምኩ፦ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ የሽንኩርት ዋጋ ረከሰ፣ የሲኞራ ማኪና ፌርማታው አጠገብ ተበላሸች፣ አሮጊቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በእንግሊዝኛው ያቺው አንዷ ቃል ሁሉም ውስጥ አለች። ከየሥሩም ፍቺውን፣ ፊደል በቆጠርኩበት በአማርኛ ጻፍኩ።

መምህሩ ደብተሬን ሁለቴ ገለጠው።

«ሲኞራሽ ናት የጻፈችልሽ። ሓቂ ተዛረቢ! እውነቱን ተናገሪ!»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሳህን እያጠብሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ከሜዳ የተመለሰች ታጋይ ብቻ አልሳቀችም። «ኣንቲ፣ ተናገሪ እንጂ!» ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ ደብተሬን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ዜሮ ሰጠኝ፤ በቀይ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ። ያ ዜሮ ክፍል አስደገመኝ።

በዓመቱ እዚያው ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ፣ መምህሩ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት አደለን። ቀለሙ ገና ጣት ያቆሽሻል። ዝናቡ፣ ሽንኩርቱ፣ አሮጊቷ፤ ሃያ አንዱም በኔው ተራ። ከላይ «አዘጋጅ» ተብሎ የሱ ስም። የሲኞራን ማኪና እንኳ የሌላ ሰው ለማድረግ አልደከመም! እኔን ሌባ ያለ ሰው፣ ለስርቆቱ ይህችን ታህል አላፈረም።

ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ለዓመታት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ለእናቴ የነገርኳት ፓራዲዞ ሰፈር፣ ደጃፋችን ላይ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ስትለቅም ነው። ማንበብ አታውቅም።

«እስኪ ሁሉንም አንብቢልኝ» አለች።

ያቆየሁትን ወረቀት አውጥቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። በሽንኩርቱ ሳቀች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ፦ «አባቴ ወደ ምጽዋ ወረደ፤ እስካሁን አልተመለሰም።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ለዚህም ዜሮ ሰጠሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ?»